የቦይ መገጣጠሚያ በጠረጴዛ መጋዝ

የቦይ መገጣጠሚያ የሚባለው በአንድ ጣውላ ፊት ላይ የእንጨቱን ክር አቋርጦ ቀጥ ያለ ቦይ ተቆርጦ የሌላው ጣውላ ጫፍ እዚያ ውስጥ ሲገባ ነው። የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ የቁምሳጥን ክፍልፋይና የወጥ ቤት ካቢኔ ብዙ ጊዜ የሚያያዙት በዚህ መንገድ ነው። የሰሜን አሜሪካ አናጢዎች «ዳዶ» ይሉታል። በእኛ ወርክሾፖች ዳዶ የብሎን ማሰሪያ በመሆኑ፣ በዚህ መጣጥፍ ቃሉ የሚያገለግለው ለማሰሪያው ብቻ ነው።

የመገጣጠሚያው ጥንካሬ ከኮላው ይልቅ ከአቀማመጡ ይመጣል። የጣውላ ጫፍ ኮላውን ይመጠዋል እንጂ አጥብቆ አይይዝም፤ መደርደሪያው ግን በቦዩ የታችኛው ከንፈር ላይ ስለሚያርፍ ክብደቱን የሚሸከመው እንጨቱ ራሱ ነው። ስለዚህ ቦዩን ማጥለቅ ትርፍ የለውም። የጣውላው ውፍረት ሲሶ ይበቃል፤ ለ18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ 6 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ከግማሽ ካለፈ ግን ጣውላው እዚያው ላይ ይሳሳል። ይህን ማወቅ ለጥራት ብቻ ሳይሆን ለጣትም ይጠቅማል፤ ከጠረጴዛው በላይ የሚወጣው ዲስክ ባነሰ መጠን እንጨቱን የሚገፋው ኃይልም ያንሳል።

በጠረጴዛ መጋዝ ላይ ይህን ቦይ በአንድ ጊዜ ለማውጣት የሚያገለግለው የተደራረበ ዲስክ ነው። ሁለት የውጭ ዲስኮች የቦዩን ግድግዳዎች ይቆርጣሉ፤ በመካከላቸው የሚገቡት፣ ሁለት ወይም አራት ጥርስ ያላቸው ጠራጊዎች፣ ሆዱን ያወጣሉ። የተለመደው መጠን 8 ኢንች (203 ሚሊሜትር) ሲሆን፣ እንደ ጠራጊዎቹ ብዛት ከ6 እስከ 20 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ይቆርጣል። በዘንጉ ላይ አጋድሎ እየተወዛወዘ ሰፊ ቦይ የሚቆርጥ ነጠላ ዲስክም አለ። ዋጋው ይረክሳል፤ ነገር ግን የቦዩን ወለል ጎድጎድ አድርጎ ይተወዋል፣ ማሽኑንም ያንቀጠቅጣል። አማራጭ ላለው ሰው የሚመከር አይደለም።

ይህ ሥራ ከተራ ቅደዳ የሚለየው መከላከያዎቹ የሚወልቁበት በመሆኑ ነው። በተራ ቅደዳ ጊዜ ዲስኩን የሚሸፍን ክዳን አለ፤ ከዲስኩ ጀርባ ደግሞ የተቆረጠው እንጨት ተመልሶ ዲስኩን እንዳይነክስ የሚያደርግ ቢላ ይቆማል። የተደራረበው ዲስክ በዲያሜትር ከተራው 10 ኢንች ዲስክ ስለሚያንስ ቢላው ከእርሱ በላይ ወጥቶ የእንጨቱን መንገድ ይዘጋል፤ ስለዚህ ይነሣል፣ በእርሱ ላይ የሚታሰረው ክዳንም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ዲስኩን የሚሸፍነው ራሱ እንጨቱ ብቻ ነው። አደጋውም እዚህ ላይ ነው፦ የማይታይ ዲስክ የሌለ ይመስላል። በደቂቃ 4,000 ጊዜ የሚዞር የ8 ኢንች ዲስክ ጥርስ በሰዓት 150 ኪሎሜትር ያህል ፍጥነት አለው፤ እንጨቱ መጨረሻው ላይ ሲደርስም ከጣውላው ጀርባ በድንገት ብቅ ይላል። በዚያ ቅጽበት የሚገፋው እጅ አውራ ጣት ከጣውላው ኋላ ተንጠልጥሎ ከሆነ የሚያስጥለው ነገር የለም።

ዲስኩ የሚገጠመው የማሽኑ ገመድ ከሶኬት ተነቅሎ ነው፤ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። የመጀመሪያው የውጭ ዲስክ ከገባ በኋላ እያንዳንዱ ጠራጊ ጥርሱ በውጭ ዲስኩ ጥርሶች መካከል ባለው ባዶ ቦታ እንዲያርፍ እየዞረ ይቀመጣል። የካርባይድ ጥርስ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ ሁለት ጥርሶች ተነካክተው ዳዶው ሲጠብቅ ይሸረፋሉ፣ ሽራፊውም ማሽኑ ሲነሣ ይወረወራል። ስፋቱን ለማስተካከል በመካከል የሚገቡት ቀጫጭን ሮንዴላዎች ደግሞ በዘንጉ ጥርስ ውስጥ ተንሸራተው ከተቀረቀሩ ዲስኮቹ ቀጥ ብለው አይታሰሩም፤ ከመጥበቁ በፊት በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል። በመጨረሻ የሚታየው ዳዶው ነው። ሙሉ በሙሉ በዘንጉ ጥርስ ላይ መያዝ አለበት። የዘንጉ ጫፍ ከዳዶው ውስጥ ገባ ብሎ ከታየ ድርድሩ ለማሽኑ በዝቷል። የማሽኑ መመሪያ ከፈቀደ የውጭውን ትልቅ ሮንዴላ መተው ይቻላል፤ ካልሆነ ጠራጊ ቀንሶ ቦዩን በሁለት ጊዜ ማውጣት ነው። ሁሉም ከታሰረ በኋላ ዲስኩ በእጅ ዞሮ ምንም እንደማይነካ ይረጋገጣል። በዲስኩ ዙሪያ ያለው የጠረጴዛው አፍ መሸፈኛም ለዚህ ስፋት በተሠራ ይለወጣል፤ ጠባቡ መሸፈኛ ከዲስኩ ጋር ይጋጫል።

ስፋቱ በቁርጥራጭ ይሞከራል። 18 ሚሊሜትር ተብሎ የተሸጠ ኮምፔንሳቶ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይቀጥናልና በመለያው አትመኑ። ጥሩ ግጥሚያ በእጅ ተገፍቶ የሚገባ፣ ሲለቁት ግን የማይወድቅ ነው። መዶሻ የሚጠይቅ ከሆነ ኮላው ሁሉ ተጠርጎ ይወጣል።

ከዚያ በፊት ጣውላው ራሱ መላጥና መስተካከል አለበት። የቆለመመ ጣውላ በጠረጴዛው ላይ ይወላገዳል፤ ጥልቀቱን ከማዛባቱም በላይ በመሃል ሲወዛወዝ ዲስኩ ይይዘውና ወደ ሠራተኛው ይወረውረዋል። ክሩን አቋርጦ ሲቆረጥ ጣውላው የሚገፋው በማዕዘን መግፊያው ወይም በሸርታቴ ነው። ጠባብና ረጅም ጣውላን በጎን መምሪያው ብቻ አስደግፎ በጫፉ መግፋት መጣመምን፣ መጣመም ደግሞ መወርወርን ያመጣል። በተራ ቆረጣ ጊዜ መምሪያውንና የማዕዘን መግፊያውን አንድ ላይ መጠቀም ክልክል ነው፣ ምክንያቱም የተቆረጠው ቁራጭ በመካከላቸው ይቀረቀራል። ቦይ ሲቆረጥ ግን የሚለይ ቁራጭ ስለሌለ መምሪያው እንደ መለኪያ ማቆሚያ ሊያገለግል ይችላል።

እጅ በዲስኩ አቅጣጫ ላይ፣ በእንጨቱ ላይ እንኳ ቢሆን፣ አያልፍም። ቀጭን የመግፊያ ዱላ ወደፊት ይገፋል እንጂ ወደ ታች አይጫንም፤ እዚህ የሚያስፈልገው ወለሉ ሰፊና የማያንሸራትት፣ እጀታ ያለው መግፊያ ነው። ጓንት አይደረግም፤ ጥርሱ ጓንቱን ከያዘ እጁን ይዞት ይሄዳል። እንደ ወይራ ያለ ጠንካራ እንጨት በሁለት በሦስት ዙር፣ ዲስኩ በየጊዜው ጥቂት እየተነሣ ይቆረጣል። እንጨቱ በመሃል ቢቆም ወደ ኋላ መሳብ አይገባም። ወደ ታች እንደተጫነ ይያዝና ማሽኑ ጠፍቶ ዲስኩ እስኪቆም ይጠበቃል።

ጥንቃቄው ያለ ነገር አይደለም። እንደ አሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ብቻ ከ30,000 በላይ ሰዎች የጠረጴዛ መጋዝ ዲስክ ነክቷቸው ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚሸጠው ሶውስቶፕ የተባለ የጠረጴዛ መጋዝ ዲስኩ ሰውነት ሲነካ በ5 ሚሊሰከንድ ውስጥ ያቆመዋል፤ ለተደራረበው ዲስክ ግን የራሱ የሆነ የ8 ኢንች ብሬክ ይፈልጋል፣ በመደበኛው ብሬክ አይሠራም። በብሪታንያ የሥራ ቦታ ደንብ ከጠረጴዛው በላይ ያለው ዲስክ በአግባቡ ካልተከለለ በዚህ ማሽን ቦይ መቁረጥን አይፈቅድም። ለአውሮፓ ገበያ የሚሠሩ አብዛኞቹ ማሽኖችም ዘንጋቸው አጭር ስለሆነ የተደራረበ ዲስክ አይቀበሉም። የአውሮፓ ዲስክ ቀዳዳ በአብዛኛው 30 ሚሊሜትር ሲሆን የአሜሪካው 16 ያህል ነው። በኢትዮጵያ ከሁለቱም ወገን የመጣ ዕቃ ሊገናኝ ስለሚችል፣ ከዘንጉ ጋር ልክ ያልሆነን ዲስክ በቤት ሠራሽ ቀለበት አብቃቅቶ ማሰር ፈጽሞ አይገባም።

በተደራረበው ዲስክ የግድ መሥራት አያስፈልግም። በተራው ዲስክ፣ የጀርባ ቢላው ከዲስኩ ጫፍ ዝቅ የሚል ዓይነት ከሆነ ሳይነሣ፣ ጣውላውን በየዙሩ ከ3 ሚሊሜትር ባነሰ ፈቀቅ እያደረጉ ቦዩን ማስፋት ይቻላል። ጊዜ ይወስዳል፤ ለአንድ ሁለት መደርደሪያ ግን የተሻለው መንገድ ይህ ነው። ከጣውላው ጠርዝ ሳይደርስ የሚቆም ቦይ ሲሆን ደግሞ ጣውላውን በሚዞር ዲስክ ላይ ከላይ ማውረድ ስለሚጠይቅ ሥራው የጠረጴዛ መጋዝ አይደለም። በራውተር፣ ያ ከሌለ ግድግዳዎቹን በእጅ መጋዝ ቆርጦ ሆዱን በመሮ በማውጣት ይሠራል።