ምድብ የተለወጠባቸው

የአውሮፕላን ጉዞ ከመለመዱ በፊት ምድቡ የተለወጠ ሚሲዮናዊ ከአዲስ አበባ የሚሸኘው ከለገሃር ነበር፤ ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ በበቅሎ። መጓጓዣው ይለዋወጥ እንጂ የሰውየውን መድረሻ የላከው ማኅበር ብቻውን ቆርጦ አያውቅም። ሱልጣኑም፣ ንጉሡም፣ ኋላም አብዮቱ እጃቸውን አስገብተውበታል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ በ1839 ሸዋ፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሲደርስ ልቡ ያረፈው ኦሮሞ ምድር ላይ ነበር። በ1842 ከሸዋ ወጣና መመለሻው ተዘጋበት። በደቡብ በኩል እገባለሁ ብሎ በ1844 ሞምባሳ ወረደ፤ በዚያው ዓመት ሚስቱንና አራስ ልጁን እዚያው ቀበረ። ያሰበበት ሳይደርስ ቀረ። ስሙን ያስጠራው ግን ያላሰበው ቋንቋ ነው፦ የስዋሂሊ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት።

የክራፍ ምኞት ጀርመን ውስጥ ሄርማንስቡርግ ለነበረው ቄስ ሉድቪግ ሐርምስ ተረፈ። ሐርምስ መርከብ አሠርቶ፣ በንግሥት ሕንደኬ ስም «ካንዳሴ» ብሎ ሰይሞ፣ በ1853 ሰዎቹን ወደ ኦሮሞ ምድር ላከ። የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ የሚገዛው ሱልጣን ማለፊያ ስለከለከላቸው በ1854 ናታል ወርደው ዙሉዎች መካከል ጣቢያ ተከሉ። የሐርምስ ማኅበር አዲስ አበባ የደረሰው በ1927፣ ወለጋ አይራ የገባው በ1928 ነው። ላኪውም ተላኪዎቹም አልፈዋል፤ ምድቡ ግን አልተሰረዘም ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ግን የውጭ አገር ሰው አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተፈንግሎ ተሸጠ፤ ምጽዋ ነፃ ወጥቶ በስዊድን ሚሲዮን ተማረ፤ ስዊድንም ደርሶ በ1881 ተመለሰ። በሱዳን በኩል ወደ ወገኖቹ ሊገባ ሞክሮ አልሆነለትም። ባሕር ዳርቻ ላይ በመጠባበቅ ያሳለፋቸው ዓመታት የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ወለዱ፤ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት ትርጉም በ1899 ታተመ። ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው። መንገዱ ቀድሞ ተከፍቶለት ቢሆን መጽሐፉ ይጻፍ ነበር? እጠራጠራለሁ።

ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ ነገሩን ሥርዓት አስያዘው። አገሪቱ ለሚሲዮን «ክፍት» እና «ዝግ» ተብላ ተከፈለች፤ አዲስ አበባ ክፍት ሆነች፤ የማስተማሪያ ቋንቋውም አማርኛ እንዲሆን ታዘዘ። ትእዛዙ የከበደው ሌላ ቋንቋ ተምሮ ለመጣው ነው። ለቻይና የተቋቋመው የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን የማኦ ጦር ግስጋሴ በሩን ሲዘጋበት ፊቱን ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ አዞረ። ዓመታት ፈጅቶ ቻይንኛ ያጠና ሰው ከ«ሀ ሁ» ሊጀምር ነው። ልጆቹስ? የሚሲዮናውያን ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ይገቡ ነበር፤ በ1946 የተከፈተው ቢንግሃም አካዳሚ ለዚሁ የቆመ ነው። የወላጅ ምድብ በተለወጠ ቁጥር የልጅ ናፍቆት መንገዱ ይረዝማል፤ የማኅበራቱ ታሪክ ስለዚህ ብዙም አያወራም።

አብዮቱ ሲመጣ ብዙዎቹ በቦሌ በኩል ወጡ። በ1963 በንጉሠ ነገሥቱ የተመረቀውን የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ደርግ መጋቢት 1977 ወረሰው። የውጭ ዜጋው ሻንጣውን ሸክፎ ሌላ አገር ይመደባል፤ ያገሬው ሰው ግን ወዴት ይመደባል? የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የሚወጡበት ዕድል ተመቻችቶላቸው እምቢ አሉ። ሐምሌ 1979 ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ።

ዛሬ በምሥራቅ አዲስ አበባ የዚህ ታሪክ መልክ ሌላ ነው። ታክሲው ገርጂ «ኮሪያ ሆስፒታል!» እያለ የሚጠራበትን ሆስፒታል በ2004 የከፈተው የሴኡሉ ምዩንግሱንግ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በኮሪያ ጦርነት የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ120 በላይ ሕይወት የከፈሉባት አገር ሐኪሞቿን ወደዚህ መድባለች። ከዚያው አካባቢ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በቦሌ ማረፊያ፣ ቃለ ሕይወትና መካነ ኢየሱስን የመሰሉ አብያተ ክርስቲያናት የላኳቸው ኢትዮጵያውያን ይሳፈራሉ፤ ፓኪስታንና ህንድ ድረስ። የእነሱም ምድብ በቪዛ ይለወጣል። ምእመኑ የሚያዋጣው ብር ግን ውጭ አገር ለመድረስ መጀመሪያ ዶላር መሆን አለበት።