ስለ ሌላው ዕዳ መቆም

ቤኒሻንጉል የሚለው ስም «ቤላ ሻንጉል» ከሚለው የበርታ ቃል የመጣ ሲሆን፥ ትርጓሜው የሻንጉል ዐለት ማለት ነው። ዐለቱም በመንጌ ወረዳ በተራራ ላይ የሚገኝ፥ በአገሩ ሰው ዘንድ የተከበረ ድንጋይ ነው። ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ዘምተው አገሩን ለዳግማዊ ምኒልክ ካስገበሩ በኋላ፥ የቤኒሻንጉል ሼሆች ግብራቸውን በወርቅ ይከፍሉ ነበር። ወርቁን ከወንዝ አሸዋ የሚያጥበው ሌላ ሲሆን፥ በመንግሥት ፊት የሚጠየቀው ግን ሼሁ ነበር። አንዱ ስለ ብዙዎች ዕዳ የሚቆምበት ይህ ሥርዓት ከዋስትና ጋር የቀረበ ዝምድና አለው እንላለን።

በደጋውም አገር ዋስ የሌለው ሰው ሙግት ለመግጠም ይቸግረው ነበር። ባለገንዘብና ባለዕዳ ቁራኛ ተቈራኝተው አብረው ሲውሉና ሲያድሩ፥ ባለዕዳውን ከዚህ እስራት የሚያወጣው «እኔ ዋስ ነኝ» የሚል ወዳጅ ወይም ዘመድ ነበር። ዋሱ ያስያዘው ጽሑፍ ሳይሆን፥ በሰው ፊት የተነገረ ቃሉንና ስሙን ነው። ቃሉን ያጠፈ ሰው በአደባባይ ይዋረድ ስለ ነበር፥ ስም ከርስት የማያንስ መያዣ ሆኖ ይቈጠር ነበር።

የሃይማኖት ሕጎችም ነገሩን አልዘነጉትም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ብድር፥ ስለ መያዣና ስለ ዋስትና ይደነግጋል። በመንጌ ብዙው ሰው በሚከተለው በእስልምናም ዋስትና «ከፋላ» ይባላል። መጽሐፈ ሲራክ ደግሞ ለባልንጀራ ዋስ መሆንን እያመሰገነ፥ በዚሁ የተነሣ ብዙዎች እንደ ጠፉ ያስጠነቅቃል። ምክሩ ርኅራኄንና ጥንቃቄን አንድ ላይ የያዘ ነው።

ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ታላቅ ለውጥ አመጣ። ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን፥ በግልጽ እንዲነገር፥ ዋሱ የሚጠየቅበትም ከፍተኛው ገንዘብ በውሉ እንዲወሰን አዘዘ። ልኩ ያልተጻፈ ዋስትና ዋጋ የለውም። ተራ ዋስ ባለገንዘቡ አስቀድሞ የባለዕዳውን ንብረት እንዲከታተል ሊጠይቅ ይችላል፤ ከባለዕዳው ጋር በአንድነት ኃላፊ ለመሆን የፈረመ ግን ቀድሞ ሊከሰስ ይችላል። ዋሱ ከከፈለም በኋላ ገንዘቡን ከባለዕዳው የመጠየቅ መብት አለው።

በዚያው ዘመን ቤት ለመሥራት መበደር በከተማ መስፋፋት ጀምሮ ነበር። ለዚህ የቆሙት ድርጅቶች በ1968 ዓ.ም. ተዋሕደው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ሆኑ። እርሱም ኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ፥ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተቀላቀለ። በቤት ብድር ቤቱ ራሱ መያዣ ነው፤ ይሁን እንጂ ቤቱ ተሽጦ ዕዳው ያልተሟላ እንደ ሆነ ቀሪው ዋሱን ይጠብቀዋል። ለወንድሙ ቤት የፈረመ ሰው የልጆቹን እንጀራ አብሮ እንደ ፈረመ ይወቅ።

የገጠሩ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ከሆነ ወዲህ ገበሬ መሬቱን አስይዞ ሊበደር አልቻለም። ስለዚህም አነስተኛ ብድር የሚሰጡ ተቋማት ከ1988 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ ሲስፋፉ፥ ጎረቤቶች በቡድን እየሆኑ አንዱ ለሌላው ዋስ የሚሆንበት አሠራር ተለመደ። የቡድኑ አንድ አባል ሲያጎድል ሌሎቹ ይጠየቃሉ፤ ሰው ለሰው ዐለት ሆነ ማለት ነው። የ2016 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በመሬት የመጠቀምን መብት ለብድር ማስያዝን ቢፈቅድም፥ ዋስትና ግን አልቀረም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፥ አባቶቻችን ስለ ወዳጅ ለመቆም እንዳልፈሩ፥ ሕጉም ይህን ደግነት ሊከለክል ሳይሆን ልክ ሊያበጅለት እንደ መጣ ነው። ቁጥሩን መጠየቅ ወዳጅነትን መጠራጠር አይደለም። ሊከፍለው የማይችለውን ዕዳ የፈረመ ሰው ወዳጁን አላገዘም፤ ሁለት ቤት በአንድ ዕዳ አስይዟልና። ስለዚህ ብዕር ከመነሣቱ በፊት ውሉ ይነበብ፥ ልኩ ይታወቅ፥ ከቤተ ሰብም ጋር ይመከርበት። ከዚያ በኋላ የሚሰጥ ቃል እንደ መንጌ ዐለት የጸና ይሆናል።