የቤታችን ጎን ባሕር ዛፎች

ባለፈው ሳምንት የእማዬን ቤት ጎን ፎቶ ለጥፌ «እዚህ ጠባብ ቦታ ላይ ምን ይተከል?» ብዬ ጠይቄያችሁ ነበር። ለሐሳባችሁ አመሰግናለሁ። የቀድሞ ተማሪዎቼ ግን «ቲቸር፣ እነዚያን ባሕር ዛፎች ለምን ቆረጥካቸው?» ብላችሁ ወጥራችሁ ያዛችሁኝ። መልሱ ትንሽ ይረዝማል፤ የታሪክ መምህር ስትጠይቁ የሚመጣው ይኸው ነው።

ቦታው በግድግዳውና በአጥሩ መሃል ያለ፣ ወርዱ ሜትር ተኩል የማይሞላ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እኔ ሳልወለድ አራት ባሕር ዛፍ ደርድሮበት ነበር። ማን ይፈርድበታል? አዲስ አበባ ውስጥ ቁራሽ መሬት ያገኘ ሁሉ እሱን ነበር የሚተክለው።

ነገሩ ከምኒልክ ይጀምራል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ብዙም ሳትቆይ እንጨት አጠራት። ማገዶውም፣ የቤት መሥሪያውም ከሩቅ መምጣት ጀመረ። በፊት ቢሆን ቤተ መንግሥቱ ጓዙን ጠቅልሎ ይነሳ ነበር። ምኒልክም ከአድዋ ጥቂት ዓመታት በኋላ በስተምዕራብ ወዳለው አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ሐሳቡ ቀረና ሕንፃው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ለመቅረቱ አንዱ ምክንያት ባሕር ዛፍ ነው። የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ስሙም እንዲሁ ወጣለት። ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን፣ ካስመጡት ሰዎች መካከል ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይዬ ነው። በጥቂት ዓመት ለአጣና ይደርሳል። ቆርጠኸው ዞር ስትል ደግሞ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ምኒልክ ችግኙ በርካሽ እንዲሸጥ፣ ዛፍ የተተከለበት መሬትም ከግብር ነፃ እንዲሆን አደረጉ። ከተማዋ በዚህ ጸናች።

ክፍል ውስጥ እዚህ ድረስ ነው የምናስተምረው። የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1905 ዓ.ም. ግድም፣ ምንጭና ጉድጓድ አደረቀ ተብሎ ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በምትኩ የሐር ትል የሚመገበው እንጆሪ እንዲተከል አዋጅ ወጣ። ማን ይነቅላል! ሰው ማገዶውንና ገቢውን በገዛ እጁ አልነቅልም አለ፤ አዋጁም ወረቀት ላይ ቀረ።

እኛም ቤት ያው ነው የሆነው። ሥሩ የጎረቤታችንን ግንብ ሰነጠቀው፤ ቅጠሉ አሸንዳውን እየደፈነ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው ግድግዳችን ላይ ይወርዳል። ጎረቤታችን በትዕግሥት ሦስት ክረምት ለመነን። እማዬ «አባትህ የተከለውን?» ባለች ቁጥር እኔም አፌን እይዛለሁ። ዘንድሮ ግን የስንጥቁን ስፋት በጣቷ ለክታ አየችና «ቁረጠው» አለችኝ። የዚያን ቀን ምሳ አልበላችም።

አሁን ቦታው ይህን ይመስላል፦ ከግድግዳው ሥር ውሃው ወደ መንገድ እንዲወርድ ተዳፋት ያለው ቦይ አወጣን። መሃሉን በጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፍነው፤ አንድ ሰው ባልዲ ይዞ ያልፋል። በአጥሩ በኩል ጤና አዳም፣ በሶብላና ኮሰረት ገብቷል። ፀሐይ የሚደርሰው ጫፉ ላይ ብቻ ስለሆነ ፓሽን ፍሩቱን እዚያ ተክለን በሽቦ አጥሩ ላይ አወጣነው። ጌሾ የምትለዋ እማዬ ናት፤ ቦታ ይይዛል ብዬ እየተከራከርኩ ነው፤ የምሸነፍ ይመስለኛል።

ጉቶዎቹን ግን አልነቀልናቸውም፤ ቆፋሪው የጠየቀው ገንዘብ ከአቅሜ በላይ ነበር። ትናንት ጠዋት ውሃ ላጠጣ ስገባ ከአንዱ ጉቶ ሁለት ቀንበጥ ወጥቷል። እማዬም አይታዋለች፤ ምንም አላለችም። እኔም እስካሁን አልነካሁትም።