«ዌር» እና የቀይ እስክሪብቶዬ ስሕተት

ለዓመታት ከ«ኢፍ» ቀጥሎ «አይ ዎዝ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሲያጋጥመኝ፣ ሳላመነታ ሰርዤ «ዌር» እጽፍ ነበር።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ ምኞትንና ጥርጣሬን የሚገልጸው የግስ ቅርጽ የራሱ መድረሻ ድምፆች ነበሩት። ከ11ኛው ምዕት ዓመት ወዲህ የቃላት መድረሻ አናባቢዎች እየደበዘዙ ሲሄዱ ልዩነቱ ተዋጠ፤ በኃላፊ ጊዜ ተለይቶ የተረፈው «መሆን» በሚለው ግስ ብቻ ነው። ሮበርት ላውዝ እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው ሰዋስው ቅርጹን ለጥርጣሬ እንጂ ለተረጋገጠ ነገር አልመደበውም። ፋውለር በ1926፣ ከጥቂት አገባቦች በስተቀር፣ በማጣጣር ላይ ያለ አድርጎ ቈጠረው። እኔ ግን ከሁለቱም ይልቅ አጥብቄ ያዝኩት።

ልዩነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። «ትናንት አርፍጄ ከሆነ ይቅርታ» የሚል ሰው ማርፈዱ ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ እንግሊዝኛው «ዎዝ» ይላል። «ሀብታም ብሆን ቤተ መጻሕፍት አሠራ ነበር» የሚል ግን ሀብታም አለመሆኑን ያውቃል፤ «ዌር» ቦታው እዚህ ነው።

አንድ ተማሪ በደብዳቤ መልመጃ የመጀመሪያውን ዓይነት ይቅርታ በትክክል ጽፎ ነበር። «ዌር» ብዬ ስተካበት፣ አርፍዶ ሊሆን የሚችለውን ሰው እንዳላረፈደ አደረግሁት። የቀነስኩበትን ነጥብም አልመለስኩለትም።