ለመፈታት የተሠራ ጎማ

የብስክሌት ጎማ ታሪክ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ቤልፋስት ይኖር የነበረው ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ነው። በ1888 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት በአየር የሚነፋ ጎማ ኮረኮንቹን አለስልሷል፤ ፍጥነትም ጨምሯል። ብስክሌትን ከመወዳደሪያ ሜዳ አውጥቶ ለአገር መንገድ ያበቃው ግን ጎማው መነፋቱ ብቻ አይደለም፤ መንገድ ላይ ተፈትቶ መለጠፍ መቻሉ ነው ብዬ አምናለሁ። የደንሎፕ ጎማ በቸርኬው ላይ የተጣበቀ ነበር። ሚስማር ሲወጋው ሸራውን ልጦ ቀዳዳውን መድፈን፣ መልሶ ማጣበቅ፣ ከዚያም እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ይል ነበር። በ1889 እንዲህ ያለ ጎማ የተበሳበት እንግሊዛዊ ፈረንሳይ ውስጥ ክሌርሞን ፌራን ከሚገኘው የሚሼሊን የላስቲክ ፋብሪካ ደረሰ። ኩባንያው እንደሚተርከው ጥገናው ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ማስቲሹ እንዲደርቅም ሌሊቱን አደረ። በማግስቱ የፋብሪካው ኃላፊ ኤድዋር ሚሼሊን ብስክሌቱን ሊሞክር ወጥቶ ጥቂት መቶ ሜትር እንደሄደ ጎማው ተነፈሰ። ኤድዋር ግን አየሩን አልጠላም፤ የጠላው ማጣበቁን ነው። በ1891 የፈጠራ መብት ያወጣበት ጎማ ከቸርኬው የሚፈታ ነበር። በብሪታንያም ዌልችና ባርትሌት የተባሉ ፈጣሪዎች አንድ ዓመት ቀደም ብለው በየፊናቸው ተነቃይ ጎማ አስመዝግበዋል። ሦስት ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ለአንድ ችግር መፍትሔ መፈለጋቸው ችግሩ ምን ያህል አስጨናቂ እንደነበር ያሳያል።

ብስክሌተኛው ዊሊ ሂዩም በ1889 ቤልፋስት ላይ በደንሎፕ ጎማ ተወዳድሮ ሲያሸንፍ ጎማው አይፈታም ነበር፤ ታዲያ መፈታቱ ምን ጨመረ የሚል ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። ሂዩም የተወዳደረው ግን በሜዳ ላይ ነው፤ እዚያ ጎማው ቢነፍስ የሚቀረው ውድድሩ ነው እንጂ ሰውየው መንገድ ላይ አይቀርም። በሌላ በኩል ሻርል ቴሮን በ1891 ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ ውድድር በሚሼሊን ጎማ ማሸነፉን እንደ ዋና ማስረጃ የሚያቀርቡ አሉ። እኔ ይህን ያህል አልተማመንበትም፤ ቴሮን ተቀናቃኙን ዢየል ላቫልን ያለፈው ላቫል ተኝቶ ሳለ ነውና የእንቅልፍ ጉዳይም አለበት። ይበልጥ የሚያሳምነኝ የ1892ቱ ነው። ሚሼሊኖች ከፓሪስ እስከ ክሌርሞን ፌራን ውድድር አሰናድተው መንገዱ ላይ ሚስማር አስበተኑ። በገዛ ጎማው ፊት ሚስማር የሚበትን ነጋዴ የማይበሳ ጎማ እየሸጠ አይደለም፤ የሚሸጠው ጥገናውን ነው።

ጥገናው ራሱ ከዚያ ወዲህ እምብዛም አልተለወጠም። ዛሬም አዲስ አበባ ያለ ጎሚስታ የውስጡን ጎማ ነፍቶ ውሃ ውስጥ ይነክራል፤ አረፋ የወጣበትን ቦታ አድርቆ ይፍቃል፤ ማስቲሽ ቀብቶም ጥቂት ይታገሣል። ትዕግሥቱ ምክንያት አለው፤ ማስቲሹን ያቀጠነው ፈሳሽ ሳይተን ልጣፊው ከተጫነ ታፍኖ ይቀርና ልጣፊው ይላቀቃል። የውጪው ጎማ በስለት ሲቀደድ ግን ልጣፊ ብቻውን አይበቃም፤ አየሩ የውስጡን ጎማ በቅዱ አሳብጦ አውጥቶ ያፈነዳዋል። ስለዚህ በቅዱ ሥር ጠንካራ ሸራ ወይም የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ይደረጋል፤ ይህም የሚቻለው የውጪው ጎማ ከቸርኬው ስለሚወጣ ነው።