ዋቢ ሥዕል

ለአንድ ወፍ ሳይንሳዊ ስም ሲወጣ ስሙ የሚጸናበት ናሙና ሙዚየም ውስጥ ይቀመጣል፤ ክርክር የተነሣ ዕለት መሳቢያው ተከፍቶ ይታያል። በመርከብና በቅሎ ዓለምን ባሰሱ ሰዎች ዘመን ግን ናሙናው በመንገድ ይበሰብስ፣ ብል ይበላው ነበር። ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ሠዓሊው በወረቀት ያስቀረው ነው። ለስሙ መነሻ የሆነው እንስሳ ሥዕል አይኮኖታይፕ ይባላል። በአማርኛ «ዋቢ ሥዕል» እንበለው እላለሁ።

ለንደን፣ ሳውዝ ኬንሲንግተን ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጆርጅ ፎርስተር በካፒቴን ኩክ ሁለተኛ ጉዞ፣ እ.ኤ.አ. በ1774 ራያቴያ ደሴት ላይ የሳለውን የአንድ ቡናማ ወፍ ሥዕል ይዟል። ናሙናው ጠፍቷል፤ ወፉም ከምድር ጠፍቷል። የቀሩት ሥዕሉና ጥቂት የጽሑፍ መግለጫዎች ናቸው። በእንስሳት ስያሜ ሕግ የስሙ መሠረት ወረቀቱ ሳይሆን የተሳለው እንስሳ ራሱ ነው። እንስሳው በሌለበት ቀርቦ የሚመሰክርለት ግን ሥዕሉ ነው። ዋስ ዋቢ ከሚለው አነጋገራችን ቃሉን የወሰድሁትም ለዚህ ነው።

የእኛም አገር ወፎች በዚህ ታሪክ ውስጥ አሉ። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስ ስኮትላንዳዊ ነበር። በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስ ፈረንሳይ ውስጥ ከተፈጥሮ ሊቁ ከቡፎን ጋር ተገናኘ። ቡፎን ከብሩስ ባገኘው መነሻነት ፊቱና ጉሮሮው ቀይ፣ ገላው ጥቁር የሆነ የሐበሻ ወፍ «ጉይፍሶ ባሊቶ» ብሎ መዘገበ። ኢትዮጵያን ያልረገጠው የስትራስቡርጉ ዮሐን ሄርማን በ1783 ይህንኑ ሳይንሳዊ ስም አደረገው፤ ወፉ እስከ ዛሬ ሊቢየስ ጉይፍሶባሊቶ ይባላል። እኔ ስሙን ባነበብሁ ቁጥር «ጌሾ በሊታ» የሚል ይሰማኛል። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ኅትመት ረጅሙ የ«ስ» ፊደል «ፍ»ን ስለሚመስል፣ «ፍ»ዋ በንባብ ስሕተት የገባች ይመስለኛል።

ዋቢም ይሳሳታል። የመጀመሪያው መግለጫ የወፉን ጣቶች ሦስት ብቻ ስላደረጋቸው ሌላው የተፈጥሮ ሊቅ ግሜሊን በ1789 ባለ ሦስት ጣት የሚል ስም ሰጠው። ወፉ ግን ጣቶቹ አራት ናቸው፤ ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ። ወፉን በእጁ ይዞ የሚቆጥር ሰው ቢገኝ ኖሮ ይህ ስም ባልወጣ ነበር።

ስሕተቱ በሠዓሊው ስምም ላይ ይደርሳል፤ ብሩስ በ1790 ባሳተመው አምስት ቅጽ መጽሐፉ የጉዞውን ሥዕሎች የራሱ እጅ ሥራ አድርጎ አቀረበ። አብዛኞቹን የሳለው ግን አብሮት የተጓዘው የቦሎኛው ሰው ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው። ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞቶ ስለቀረ የሚከራከርለት አልነበረም። በዚህ አዝናለሁ፤ የዓባይ ምንጭ እስካለበት ግሽ ድረስ አብሮ ወርዶ ሳለ ብሩስ በዚያ ታሪክ ውስጥም ስሙን አላነሣውም። ብዙዎቹ ሥዕሎች አሁን አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተቀምጠዋል፤ በመዝገቡ ላይ የሠዓሊው ስም ሉዊጂ ባሉጋኒ ተብሎ ሰፍሯል።