«ተሻለኝ» ስለተባለ ብቻ አይግዙ፦ የ«ሁሉን ፈዋሽ» ሻጮች ታሪክ

በጭሮ፣ በሂርና ወይም በገለምሶ ገበያ በድምፅ ማጉያ «ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለስኳር፣ ለግፊት!» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ዛሬ ያው ድምፅ በቲክቶክና በቴሌግራም የእናት የአባቶቻችን ስልክ ውስጥ ገብቷል። ዋና ማስረጃው ደግሞ ምንጊዜም አንድ ነው፦ «እገሌ ወስዶ ተሻለው»። ይህ ንግድ የቆየ ነው፤ ሦስት ታሪክ ላጫውትዎት።

እ.ኤ.አ. በ1889 ብራውን ሴካር የተባሉ የ72 ዓመት ታዋቂ ሐኪም ፓሪስ ውስጥ ከእንስሳት የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሳቸውን ወግተው «ጉልበቴ ታደሰ» አሉ። ነጋዴዎች ወዲያው ተቀብለው መሸጥ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ያንኑ ፈሳሽ አዘጋጅተው ሲለኩት፣ የነበረው ሆርሞን ምንም ለውጥ የማያመጣ ኢምንት ነበር። ሐኪሙ አልዋሹም፤ ያበረታቸው ተስፋቸው ነው።

አሜሪካዊው ክላርክ ስታንሊ ደግሞ ለቁርጥማት «የእባብ ዘይት» ይሸጥ ነበር። የ1906ቱ የምግብና መድኃኒት ሕግ ወጥቶ ጠርሙሱ ሲመረመር የእባብ ዘይት የለበትም፤ የማዕድን ዘይት፣ ጥቂት ስብና በርበሬ ነው። በርበሬው ቆዳን ሲያሞቅ «ሠራ» ይባላል። ቅጣቱ 20 ዶላር ብቻ ነበር።

ሦስተኛው የቅርብ ጊዜና ይበልጥ አስፈሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ «አርትሪ ኪንግ» የተባለውን የመገጣጠሚያ «ተፈጥሯዊ» ምርት ሲመረምር፣ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፉ ዴክሳሜታሶንና ዳይክሎፌናክ አገኘበት። ሕመሙ በእርግጥ ይቀንሳል! ነገር ግን ዴክሳሜታሶን ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት ሲቋረጥም ለሕይወት ያሰጋል። ዳይክሎፌናክ ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል።

አዩ? «ተሻለኝ» የሚለው ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል። ያሻለው ግን ተስፋ፣ በርበሬ ወይም የተደበቀ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ተመርምሮ መመዝገብ ያለበት።

ስለዚህ፦

✅ የግፊትም ሆነ የስኳር መድኃኒትዎን በሻጭ ምክር በፍጹም አያቋርጡ። ክኒናቸውን ትተው ስትሮክ ይዟቸው የሚመጡ አባቶች አሉ።

✅ አንድ ምርት አሥር በሽታ ይፈውሳል ከተባለ ይጠርጥሩ።

✅ ልጅዎ ከጅዳም ሆነ ከአዳማ የላከልዎትን ጠርሙስ ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪምዎ ወይም ለፋርማሲ ባለሙያ ያሳዩ። ጀምረውትም ከሆነ ሳያፍሩ ይንገሩን፤ አንቆጣም።

✅ አጠራጣሪ ምርት ሲያዩ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ ስልክ 8482 ይጠቁሙ።

ልጆች ሆይ፣ አባትና እናታችሁ ገዝተው ብታገኟቸው አትቆጧቸው። ሻጩ ጊዜ ሰጥቶ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ጠይቋቸዋል፤ እኛስ መቼ ጠየቅናቸው?

ለሚወዱት ሰው ያጋሩ። ጤና ይስጥልን!